ብር በማይክሮስኮፕ ሥር፦ ከጎልጂ ጥቁር ቀለም እስከ ጥቂት አቶሞች ብርሃን

እ.ኤ.አ. በ1873 ጣሊያናዊው ሐኪም ካሚሎ ጎልጂ የነርቭ ሕዋስን ከነቅርንጫፎቹ አጥቁሮ የሚያሳየውን የብር ናይትሬት ማቅለሚያ ዘዴ ይፋ አደረገ። በዚያው ዓመት ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ኤርንስት አቤ የብርሃን ማይክሮስኮፕ ሊያልፈው የማይችለውን ወሰን ደነገገ፤ ከብርሃን የሞገድ ርዝመት ግማሽ ገደማ፣ ማለትም ከ200 ናኖሜትር ባነሰ ርቀት የተቀራረቡ ሁለት ነጥቦች አንድ ሆነው ይታያሉ። ሮበርት ኮህ እ.ኤ.አ. በ1882 የሳንባ ነቀርሳን ባሲል ለማየት የበቃው (ያውም አቤ ባሻሻላቸው መሣሪያዎች) ተሕዋሱ ከዚህ ወሰን በላይ ስለሆነ ነው። የኤች አይ ቪ ስፋት ግን 120 ናኖሜትር ገደማ ብቻ ነው።

ወሰኑ ከመቶ ዓመት በላይ ጸና። እ.ኤ.አ. በ1997 ሮበርት ዲክሰንና ዊልያም ሞርነር አንድ ነጠላ የአረንጓዴ ፍሎረሰንት ፕሮቲን ሞለኪውል ብልጭ ድርግም ሲል፣ ከጠፋም በኋላ በሌላ ብርሃን ዳግም ሲበራ ተመለከቱ። እንከን የሚመስለው ይህ ጠባይ ቁልፍ ሆነ። ጎረቤታም ሞለኪውሎች በየተራ ከበሩ የእያንዳንዱን መካከል ለይቶ ማስላት ይቻላልና፣ ኤሪክ ቤትሲግ እ.ኤ.አ. በ2006 በዚሁ መንገድ ምስል አነሣ። ስቴፋን ሄል ደግሞ በዙሪያው ያለውን ብርሃን በሌዘር በማጥፋት ቀድሞ ወሰኑን ጥሶ ነበር። ሦስቱ፣ ቤትሲግ፣ ሄልና ሞርነር፣ እ.ኤ.አ. በ2014 የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸለሙ።

ምስሉ ሲጠራ የምልክቱ ግዝፈት ጎልቶ ወጣ። ቀለም ተሸካሚው ፀረ እንግዳ አካል 10 ናኖሜትር ገደማ ስለሚረዝም፣ የሚታየው ነጥብ ከሚፈለገው ፕሮቲን ፈቀቅ ብሎ ይገኛል። ወደ ብር የተመለሰው ያው ዲክሰን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2001 ከባልደረቦቹ ጋር፣ ከስምንት የማይበልጡ የብር አቶሞች ዘለላ በብርሃን ተነቃቅቶ ፍሎረሰንስ እንደሚሰጥ አሳየ፤ እ.ኤ.አ. በ2004 ደግሞ ዘለላዎቹን በዲ ኤን ኤ ሸፍኖ በውኃ ውስጥ አጸናቸው። እ.ኤ.አ. በ2009 የሲንጋፖር ተመራማሪዎች በከብት አልቡሚን ውስጥ 25 አቶሞች ያሉትና ቀይ የሚያበራ የወርቅ ዘለላ ሠሩ። እንደ ካድሚየም ያለ መርዛማ ማዕድን የሌለው መሆኑ ትልቅ ብልጫው ነው።

“ትንሽ” የሚለው ውዳሴ ግን ጥንቃቄ ያሻዋል። ወርቁ 2 ናኖሜትር ባይሞላም የለበሰው አልቡሚን ከፀረ እንግዳው አካል እምብዛም አያንስም። እንደ ግሉታታዮን ያለ ቀጭን ልብስ አለ፤ ሆኖም ልብሱ በተለወጠ ቁጥር ብርሃኑም ይለወጣል፤ ዘለላውን ከተፈለገው ፕሮቲን ጋር አንድ ለአንድ ማያያዝም ገና አስቸጋሪ ነው።