የጠረፉ ድምፅ ማጉያ

አሮጌ የአደባባይ ድምፅ ማጉያ በብረት ዋጋ ለቆራሌው ሲሸጥ የሚቆጨው ሰው ጥቂት ነው። በመተማና በምዕራብ አርማጭሆ ቆላ ግን ሊቆጨን ይገባል። ይህን ጠረፍ ባዳረሰው ጦርነት ድምፅ ማጉያ የሰርግና የሙዚቃ ዕቃ ከመሆኑ በፊት የጦርነት መሣሪያ ነበረና። በ1932 ዓ.ም. እንግሊዞች በሱዳን የኦምዱርማንን ሬዲዮ ሲከፍቱ የቃል ኪዳን አገሮችን የጦር ወሬ ለሕዝብ ለማድረስ በከተማዋ አደባባዮች ድምፅ ማጉያ አቆሙ፤ ሬዲዮ ያለው ሰው በጣት የሚቆጠር ነበር። ጥቅምት 27 ቀን 1933 ዓ.ም. የእንግሊዙ የብሪጋዴር ስሊም ጦር በድንበሩ ማዶ ያለችውን ገላባትን ከጣሊያኖች ቢይዝም መተማን ሳያስለቅቅ ቀረ። በዚያው ዘመቻ የጋዜጠኛው ጆርጅ ስቲር የፕሮፓጋንዳ ክፍል በአማርኛ በራሪ ወረቀትና በድምፅ ማጉያ፣ ለጣሊያን የተሰለፉ የአገር ተወላጆች እንዲከዱ ይሰብክ ነበር። ጥይት ያልደፈረውን ምሽግ በድምፅ መሞከር በዚያ ጦርነት የታየ ስልት ነው።

ከነፃነት በኋላ ያው መሣሪያ ወደ ሰላማዊ ኑሮ ገባ። የአዲስ አበባ ሕዝብ ሬዲዮውን በየአደባባዩ ከተሰቀለ ድምፅ ማጉያ ያዳምጥ ነበር፤ በደርግ ዘመን ደግሞ ቀበሌው ለስብሰባና ለሰልፍ ጠራበት። እዚህ ላይ ተቃውሞ ይነሣል፦ አዛዥ የጮኸበትን፣ ሰሚው መልስ ሊሰጥበት ያልቻለውን ዕቃ ማደስ ምን ይጠቅማል? ተቃውሞው ክብደት አለው። ሆኖም ነጋሪትም ለአዋጅ ይጎሰም ነበር፤ ማንም ግን ነጋሪት ይቃጠል አላለም። ድምፅ ማጉያው ሥልጣን ሕዝቡን እንዴት ያናግር እንደነበር የሚያሳይ ማስረጃ ነው፤ ከጠፋ የሚቀረው ወሬው ብቻ ይሆናል። በዚያ ላይ ከአዋጁ ሌላ አዛንና ስብከት፣ የክትባት ጥሪና የሰርግ ዘፈን የተሰማውም በእንዲህ ያለው ዕቃ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ የገንዘብ ነው፤ አዲሱ ርካሽ ሆኖ ሳለ በአሮጌው ላይ ምን ያደክማል? ለዚህ መልሱ ዕቃውን ቀርቦ ማየት ነው። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት፣ በበጋ አቧራ በክረምት ጭቃ በሚፈራረቁበት እንደ አብርሃ ጅራ ባለ ከተማ የድምፅ ማጉያ ፊት የተበሳሳ ብረት የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም፤ እየተርገበገበ ድምፁን የሚያወጣውን የወረቀት ኮን ከድንጋይና ከጣት እየጠበቀ ድምፁን ያሳልፋል። ብዙዎቹ አሮጌዎች የሚደክሙት በዝገት ብቻ ሳይሆን በቀለም ነው። በየጊዜው በብሩሽ የተደራረበ ቀለም ቀዳዳዎቹን ይደፍናል፤ ቀጭኑ ድምፅ ይታፈናል፤ «ሰ» እና «ፈ» አይለዩም፤ ንግግሩ ጉርምርምታ ይሆናል። ስለዚህ የሚያድስ ሰው ብረቱን ነቅሎ አሮጌውን ቀለም ይልጣል፤ ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ ይፍቃል፤ ከዚያ ፀረ ዝገትና ቀለም በስሱ ይነፋበታል። በውስጡ ትንሽ ትራንስፎርመር ካገኘ አይጣለው፤ ድምፁ በረጅም ሽቦ ሲጓዝ ብዙ ኃይል እንዳይባክን በከፍተኛ ቮልቴጅ ይላካል፤ ትራንስፎርመሩ ጫፉ ላይ መልሶ ዝቅ ያደርገዋል። ትራንስፎርመሩ እንዲህ ያለው ማጉያ ከአንድ ማዕከል ለብዙ አደባባይ የተዘረጋ መስመር አካል እንደነበር ይጠቁማል። ተነቅሎ ከተጣለ ዕቃው መጮኹ ባይቀርም ታሪኩ ይጎድላል። አዲሱ ዕቃ በዋጋ ቢያሸንፍም ይህን ማስረጃ አይተካም።

ሁሉም አሮጌ ማጉያ ይጠበቅ ማለት ግን አይደለም፤ ኮኑ የተቀደደውና የሽቦ ጥቅሉ (ኮይሉ) የተቃጠለው ለሌላው መለዋወጫ ይሁን። ነገር ግን የወረዳዎቹ የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤቶች፣ ቤተ ክርስቲያኑም መስጊዱም፣ አሮጌውን ከማስወገዳቸው በፊት ሁለት ነገር ይመዝግቡ፦ የት ተሰቅሎ እንደነበርና ማን ይናገርበት እንደነበር። ይህ ከተጻፈ ብረቱ ቢሸጥም ታሪኩ ይተርፋል፤ ካልተጻፈ ግን በሚገባ የታደሰውም ማጉያ ጌጥ ከመሆን አያልፍም።