ክንፍ እንደ ራዲያተር፡- የሞተር ሙቀትን በክንፍ ገጽ የማስወገድ ዘዴ

የመኪና ራዲያተር ሥራውን የሚሠራው ነፋስ እየመታው መሆኑ ይታወቃል። በአውሮፕላን ላይ ግን ነፋስ የሚመታው ማንኛውም ተጨማሪ ዕቃ ዋጋ ያስከፍላል። ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር የአየር መቋቋም ወደ አራት እጥፍ ስለሚያድግ፣ ወደ ውጭ የወጣ ራዲያተር ከሞተሩ ጉልበት ብዙውን ይበላል። ለዚህ ችግር ከተሞከሩት መፍትሔዎች አንዱ የክንፉን ገጽ ራሱን ራዲያተር ማድረግ ነው።

የዘዴው ዋነኛ ምሳሌ በእንግሊዛዊው መሐንዲስ ሬጂናልድ ሚቼል የተነደፈው ሱፐርማሪን ኤስ 6 ቢ የተባለ የባሕር አውሮፕላን ነው። ክንፉ በመካከላቸው ጠባብ ክፍተት ባላቸው ድርብ ስስ ቆርቆሮዎች የተሸፈነ ሲሆን፣ 2,350 የፈረስ ጉልበት ካለው የሮልስ ሮይስ ሞተር የሚወጣው ትኩስ ውኃ በክፍተቱ ሲያልፍ ሙቀቱን ለአየሩ ይለቃል። አውሮፕላኑ እ.ኤ.አ. መስከረም 1931 የሽናይደር ዋንጫን ለእንግሊዝ ያስቀረ ሲሆን፣ በዚያው ወር በሰዓት 655 ኪሎ ሜትር በመብረር የዓለም ክብረ ወሰን ሰብሯል።

ዋናው ጥቅም የተገኘው ከሙቀቱ ሳይሆን ወደ ውጭ የሚወጣ ራዲያተር ባለመኖሩ ነው። ሙቀቱ በራሱ በአየሩ ፍሰት ላይ ያለው ውጤት ሁለት ገጽታ አለው። በአንድ በኩል የሞቀ ገጽ በላዩ ላይ በሥርዓት የሚፈሰውን ስስ የአየር ሽፋን ቶሎ እንዲታወክ ያደርጋል፤ ይህም ሰበቃን ይጨምራል። በሌላ በኩል ፍሰቱ አስቀድሞ የታወከ ከሆነ፣ አየሩ ሲሞቅ ስለሚሳሳ ሰበቃው በመጠኑ ይቀንሳል።

ሚቼል ተመሳሳይ ሐሳብ ወደ ጦር አውሮፕላን ለማዛወር ያደረገው ሙከራ ግን አልተሳካም። እ.ኤ.አ. በ1934 በበረረው ታይፕ 224 ላይ ከሞተሩ የሚወጣው እንፋሎት በክንፉ የፊት ጠርዝ ውስጥ ቀዝቅዞ ተመልሶ ውኃ እንዲሆን ታስቦ ነበር። ሆኖም አውሮፕላኑ ወደ ላይ ሲወጣ ሞተሩ ከመጠን በላይ ስለሚሞቅ አብራሪው ሽቅብ መውጣቱን አቋርጦ እስኪቀዘቅዝ ለመጠበቅ ይገደድ ነበር። ከዚህም ሌላ በውጊያ ላይ ሰፊ የማቀዝቀዣ ገጽ ማለት ለጥይት የተጋለጠ ሰፊ ዒላማ ማለት ነው፤ አንድ ቀዳዳ ውኃውን አፍስሶ ሞተሩን ሊያቃጥል ይችላል።

መፍትሔው የመጣው ከሌላ አቅጣጫ ነበር። የፋርንቦሮው ተመራማሪ ፍሬድሪክ ሜሬዲት ራዲያተርን በሚገባ በተቀረጸ ቦይ ውስጥ በማስቀመጥ አየሩ ሞቆና ተስፋፍቶ በኋላ በኩል በፍጥነት እንዲወጣ ማድረግ እንደሚቻል አሳየ። በዚህ መንገድ የሚባክነው ሙቀት የራዲያተሩን የአየር መቋቋም በከፊል ያካክሳል። እ.ኤ.አ. መጋቢት 1936 ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው የሚቼል ስፒትፋየር የተጠቀመው ይህንኑ ነው።

ዛሬ የመንገደኛ አውሮፕላኖች ክንፍ የሚሞቀው በዋናነት በረዶ እንዳይጋገርበት ነው። አብዛኞቹ ከሞተሩ የሚቀዳ ትኩስ አየር ሲጠቀሙ፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ የሚያበረው ቦይንግ 787 የክንፉን የፊት ጠርዝ የሚያሞቀው በኤሌክትሪክ ነው።

የቀድሞው ሐሳብ ግን ጨርሶ አልተረሳም። በሃይድሮጅን ኤሌክትሪክ የሚያመነጩ አውሮፕላኖችን ለመሥራት የሚጥሩ መሐንዲሶች ከኤሌክትሪኩ ጋር የሚተካከል ሙቀት ማስወገድ አለባቸው። ለዚህም የክንፍን ሰፊ ገጽ እንደ አማራጭ እያጠኑት ነው። መመለስ ያለባቸው ጥያቄ ሚቼል የገጠመው ነው፦ የአየር መቋቋምን በመቀነስ የሚገኘው ትርፍ፣ የሚጨመረውን ክብደትና የፍሳሽ አደጋ ይበልጣል ወይ?