አዳራሽ ያልጠበቀው የአምቦ ድምፅ

አምቦና ኪነ ጥበብ ሲነሱ ቀድሞ የሚጠራው የቦዳው ልጅ፣ ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ነው። ጸጋዬ ብሔራዊ ቴአትርን እስከመምራት ደርሷል። ግን ተውኔት አዳራሽ ይፈልጋል፤ አዳራሹ ደግሞ የመንግሥት ነው። በጃንሆይም በደርግም ዘመን ሥራዎቹ ታግደዋል። በደርግ ጊዜ ለዘፋኙም ቢሆን ዋናው በር የቀበሌውና የአውራጃው ኪነት ነበር። መድረኩን የሰጠ መፈክሩንም ይሰጣል!

ሃጫሉ ሁንዴሳ በዚህ በር አልገባም። በ17 ዓመቱ ታስሮ አምስት ዓመት አምቦ ወህኒ ቤት ቆየ፤ የመጀመሪያ አልበሙን ዘፈኖች የጻፈው እዚያው ነው። (ኪነቱ ወህኒ ቤት ነበር ብንል አላጋነንንም።) በ2007 ዓ.ም. «ማላን ጅራ» ሲወጣ ዘፈኑ ከስልክ ወደ ስልክ ሄደ። አዳራሽ ይቆለፋል፣ በየኪሱ ያለ ስልክ ግን በምን ይቆለፋል?

ስለ ነፃነቱ ስናወራ ዋጋውንም አንርሳ። ከጀርባው ተቋም የሌለው ሰው የሚመጣውን ሁሉ በራሱ ይቀበላል። ሃጫሉ ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በጥይት ተገደለ፤ 34 ዓመቱ ነበር። ሦስተኛ አልበሙ «ማል ማሊሳ» የወጣው እሱ ከሞተ በኋላ ነው።