የአዋሽ ጽጌረዳ አምስተርዳም ይደርሳል፤ ሰመራ ለምን አይደርስም?

ሚኒሶታ ውስጥ በአንዲት ትንሽ ከተማ የሚኖር ኢትዮጵያዊ አለ እንበል። የሥራ ባልደረባው ታማ ሆስፒታል ብትተኛ ስልኩን አንሥቶ አበባ ያዝዝላታል። ከሰዓት በኋላ ዕቅፉ አልጋዋ አጠገብ ይቀመጣል። የከተማዋ ሕዝብ አምስት ሺህ ባይሞላም ችግር የለውም። ያው ሰው ሰመራ ዩኒቨርሲቲ ለምትመረቅ እህቱ ያንኑ ዕቅፍ ልላክ ቢል ግን ነገሩ ይከብደዋል። ገንዘቡ በደቂቃ ይደርሳል፤ አበባው ይቀራል። እንደ ብዙ የክልል ከተሞች ሁሉ የፕላስቲክ ወይም የወረቀት አበባ ተፈልጎ ፎቶው ይነሣል፣ ቀኑም ያልፋል።

ጉዳዩ ቅንጦት ሊመስል ይችላል። ግን አንድ ጥያቄ እናንሣ። ኢትዮጵያ ከኬንያ ቀጥላ በአፍሪካ ሁለተኛዋ አበባ ላኪ አገር ናት። ሆለታና ሰበታ የተቆረጠ ጽጌረዳ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ኔዘርላንድስ ገበያ ላይ ይቆማል። ታዲያ በዚያው አገር፣ በዚያው ወንዝ ተፋሰስ ውስጥ ያለች የክልል ዋና ከተማ ለምን ትቀራለች? መልሱን ፍለጋ መቶ ዓመት ያህል ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አበባው ሳይሆን ትእዛዙ ነው የሚሄደው

በ1908 በርሊን ውስጥ አንድ አበባ ሻጭ ቀላል የሚመስል ሐሳብ አመጣ። ደንበኛው ሩቅ ከተማ ላለ ሰው አበባ ሲያዝ፣ አበባውን በባቡር ጭኖ እስኪጠወልግ ከማመላለስ ይልቅ ትእዛዙን ብቻ እዚያ ከተማ ላለ ሌላ አበባ ሻጭ መላክ። ያኛው ከራሱ መደብር አበባ አዘጋጅቶ ያደርሳል፤ ሂሳቡን በኋላ ይተሳሰባሉ። በ1910 ደግሞ ጥቂት አሜሪካውያን አበባ ሻጮች በዚያው ሐሳብ ማኅበር አቋቋሙ። ትእዛዙ የሚሄደው በቴሌግራም ስለነበረ ማኅበሩም ስሙን ከቴሌግራፍ ወሰደ። ያኔ ቴሌግራም ማለት ዛሬ ይህ ጽሑፍ የሚነበብበት ሳይሆን በሽቦ የሚተላለፈው መልእክት ነበር።

እነዚህ ሰዎች የፈጠሩት ነገር አዲስ አበባም አዲስ መጓጓዣም አልነበረም። የፈጠሩት ተቀባይ ነው። በየትንሿ ከተማ ማቀዝቀዣ ያለው፣ ስሙ የሚታወቅ፣ ሌላው ነጋዴ አይቶት ሳያውቅ የሚያምነው አንድ ሱቅ ተገኘ። ዛሬ በዚያ ሱቅ ያለው ጽጌረዳ በአብዛኛው ከኮሎምቢያና ከኢኳዶር በማያሚ በኩል የገባ ነው። የአበባው ምንጭ ተቀይሯል፤ ተቀባዩ ግን እዚያው አለ።

«ለእኛ አበባ መስጠት ባህላችን አይደለም» የሚል መልስ ይመጣ ይሆናል። በከፊል እውነት ነው። በሐዘን ጊዜ እኛ ዘንድ የሚፈለገው ሰው ራሱ ነው፤ ምግቡን ይዞ የሚመጣው ጎረቤትና ዕድሩ ነው። ነገር ግን አሜሪካውያንም ቢሆኑ ልማዱን እንዳለ ከአያቶቻቸው አልወረሱትም። የእናቶች ቀን በ1914 በይፋ ከታወጀ በኋላ አበባ ሻጮች አሳደጉት፤ ቀኑ እንዲከበር የታገለችው አና ጃርቪስ ራሷ በኋላ ንግዱን አጥብቃ ተቃወመች። ልማድ ንግድን ይወልዳል፤ ንግድም ልማድን ይወልዳል። በእኛም አገር በሠርግና በምርቃት ላይ ዕቅፍ አበባ መያዝ የአንድ ትውልድ ዕድሜ ሳይሞላው ተለምዷል።

አንድ ወንዝ፣ ሁለት ጫፍ

አዋሽ ከግንጪ አካባቢ ተነሥቶ የበቾን ሜዳ አቋርጦ ቆቃ ይገባል። ከዚያ በወንጂ፣ በመተሐራ፣ በአዋሽ ሰባት፣ በአሚባራ፣ በገዋኔ፣ በዱብቲና በአሳይታ አድርጎ አቤ ሐይቅ ላይ ያልቃል። 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ባሕር አይደርስም። ውሃው ሁሉ እዚሁ ይቀራል።

ከታሪኩ የሚታየው ግን የሚቀረው ውሃው ብቻ መሆኑ ነው። በ1954 ወንጂ ላይ የሆላንዶቹ ኤች ቪ ኤ ስኳር ማምረት ጀመረ። በ1960 የቆቃ ግድብ ተጠናቀቀ፤ መብራቱ ወደ አዲስ አበባ ሄደ። በ1961 የእንግሊዙ ሚቸል ኮትስ በተንዳሆ የጥጥ እርሻ አቋቋመ። በ1962 የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን ተመሠረተ። ለአፋር አርብቶ አደር ይህ ሁሉ በአንድ ቋንቋ ይተረጎማል፤ በበጋ ከብቱን የሚያወርድበት የወንዝ ዳር ግጦሽ ታጠረ። ሱልጣን አሊሚራህ ሐንፈሬና ባላባቶቻቸው ራሳቸውም ጥጥ አልምተው ነበር፤ ሆኖም በ1975 ደርግ መሬቱን ሲወርስ ሱልጣኑ ተሰደዱ። ጥጡ ግን ባለቤቱን እየቀያየረ ቀጠለ።

አበባው የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ ጥቂት የግል እርሻዎች ጽጌረዳ መላክ ጀመሩ። በ2002 የአምራችና ላኪዎቹ ማኅበር ተመሠረተ። መንግሥት መሬት፣ የልማት ባንክ ብድርና የግብር እፎይታ ሰጠ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ አበባ ከዋነኞቹ የወጪ ንግድ ምርቶች አንዱ ሆነ። ባቱ ላይ ያሉት ትልልቅ እርሻዎች ከዝዋይ ሐይቅ ይጠጣሉ። የሆለታ፣ የሰበታና የቢሾፍቱ አካባቢ ወንዞች ግን የአዋሽ ገባሮች ናቸው። ስለዚህ ከእነዚያ ግሪንሃውሶች ብዙዎቹ ያሉት በላይኛው አዋሽ ተፋሰስ ውስጥ ነው። የተቆረጠው አበባ በ2 እና በ4 ዲግሪ መካከል ተይዞ፣ በማቀዝቀዣ መኪና ቦሌ ደርሶ፣ በካርጎ ይበራል። ከዚያው ተፋሰስ ወደ አፋር የሚወርደው ከግብርናውም፣ ከከተማውም፣ ከፋብሪካውም የተረፈው ውሃ ነው። በክረምት ሲሞላ ደግሞ ጎርፉ።

ሁሉም የሚያልፍበት ከተማ

የአዋሽ ከተማ ታሪክም ከዚህ አይርቅም። የጅቡቲው ሐዲድ ሥራ በ1897 ተጀምሮ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ባቡሩ የሚሄደው በቀን ብቻ ስለነበረ ጉዞው ሦስት ቀን ይፈጅ ነበር፤ መንገደኛው አንድ ሌሊት ድሬዳዋ፣ አንድ ሌሊት አዋሽ ያድራል። የአዋሹ የባቡር ጣቢያ ቡፌ የተሠራው ለዚህ ነው። በረንዳውን የሸፈነው ቡገንቪሊያ ከዚያ በኋላ ለመጡ መንገደኞች ሁሉ የአዋሽ ምልክት ሆነ። በዚያ ሙቀት ውስጥ አበባ ያየ ሰው አይረሳውም።

ፈጣን ባቡር መጥቶ ጉዞው በሌሊትም ሲቀጥል የአዋሽ አዳር ቀረ። ከተማዋም ከማደሪያነት ወደ ማለፊያነት ወረደች። ዛሬ የኤሌክትሪኩ ባቡር በዚያው ያልፋል፤ ከባድ መኪኖች ከአዋሽ በገዋኔና በሚሌ አድርገው፣ ሰመራን አቋርጠው፣ በጋላፊ ወደ ጅቡቲ ይወጣሉ። የኢትዮጵያ የገቢና የወጪ ንግድ አብዛኛው ክፍል የሚንቀሳቀሰው በዚህ ሸለቆ ነው። ስንዴው፣ ማዳበሪያው፣ ነዳጁ፣ መኪናው ሁሉ በሰመራ በር ያልፋል፤ ለሰመራ ብሎ የሚቆመው ግን ጥቂት ነው።

ሙቀቱ ነው?

«ሰመራ 40 ዲግሪ ያልፋል፤ ጽጌረዳ እንዴት ይችላል?» ይባል ይሆናል። ይህን ክርክር የሚያፈርሰው ምስክር እዚያው ከተማ ውስጥ አለ፤ ጫት።

ጫት ከተቆረጠ በኋላ በአንድ ሁለት ቀን ዋጋ የሚያጣ ቅጠል ነው። እንዲያም ሆኖ ከአወዳይ ተነሥቶ በየቀኑ ጅቡቲ ይገባል፤ ያውም ከሰመራ በማይተናነስ ሙቀት። በሐዲዱ ዘመን ከድሬዳዋ በባቡር ይላክ ነበር፤ በ1950ዎቹ ደግሞ በአውሮፕላን ኤደን ይደርስ ነበር። ወደ ሰመራና ወደ ሎጊያም በየቀኑ ይገባል። በዘመናዊ ማቀዝቀዣ አይደለም፤ እርጥብ ቅጠል ተጠቅልሎበት፣ በፈጣን መኪና፣ ሰዓቱን በሚያውቅ ሹፌርና ከመንገድ ዳር በሚጠብቅ ተቀባይ ነው። የጫቱ ሰንሰለት የበርሊኑን አበባ ሻጭ ሐሳብ ማንም ሳያስተምረው ያውቀዋል፤ እያንዳንዱ ከተማ ላይ የሚታመን ሰው አለው።

ርቀቱም ሰበብ አይሆንም። ሰመራ ከአዲስ አበባ በመኪና 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትሆንም አውሮፕላን ማረፊያ አላት። ጽጌረዳ ለሰባት ሰዓት ያህል በርሮ አውሮፓ ከደረሰ፣ ሰመራ ለመድረስ የሚያግደው ሰማዩ አይደለም። የጎደለው ከአውሮፕላኑ ደረጃ ሥር የሚጀምረው ነገር ነው፤ ቀዝቃዛ ክፍል፣ ተቀባይ ሱቅ፣ የሚተሳሰቡበት መተማመን።

ከአበባው በላይ

ስለ አበባ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልተጻፈ። ጽጌረዳ ግን ጥሩ መለኪያ ነው። ጽጌረዳን ሳይጠወልግ የሚያደርስ ሰንሰለት ክትባትንና ኢንሱሊንንም ሳይበላሽ ያደርሳል። በተቃራኒው ጉዞም የግመልና የፍየል ወተት፣ በወንዙ ዳር የሚበቅለው ቲማቲምና ሽንኩርት ሳይበላሽ ወደ ገበያ ይወጣል። ጽጌረዳ የማይደርስባት ከተማ እነዚህንም በችግር የምታገኝና በችግር የምታወጣ ከተማ ናት።

መቶ ዓመት ሙሉ በአዋሽ ሸለቆ የተሠራው ሁሉ የላኪውን ጫፍ ያየ ነው። ሐዲዱ ለወደቡ፣ ግድቡ ለመብራቱ፣ ጥጡ ለፋብሪካው፣ አበባው ለአምስተርዳም። ቀዝቃዛ ክፍሎቻችንም የተገነቡት ወደ ውጭ በሚያወጣው በር ላይ ነው። ላኪ እንዲሆን ብድርም እፎይታም የሰጠ መንግሥት፣ በክልል ከተሞች ተቀባይ ለሚሆን ነጋዴ የዚያን ሩቡን እንኳ ቢያስብ ምን ይለወጥ ነበር?

አፋር በዚህ ረገድ ከባዶ አይጀምርም። ዳጉ የሚባለው ሥርዓት አለው። ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ ይቀመጣሉ፤ ያዩትንና የሰሙትን ሳይደብቁ ይነጋገራሉ፤ ወሬውም ከሰው ወደ ሰው እየተላለፈ በረሃውን ያቋርጣል። የተሳሳተ ወሬ የሚያደርስ ሰው ክብሩን ያጣል። የበርሊንና የአሜሪካ አበባ ሻጮች በማኅበርና በደንብ ለማቋቋም የደከሙበት፣ ያላዩትን ሰው ቃል ማመን፣ እዚህ ከሽቦም ከስልክም በፊት ነበረ። ቀዝቃዛ ክፍል በገንዘብ ይገዛል። መተማመን ግን አይገዛም፤ እሱ ሰመራ ውስጥ አለ። ከሁለቱ የቀረው የሚገዛው ነው።