ድፍረትና ጥንቃቄ በጨዋታ መሣሪያ ሠሪዎች ዘንድ

ታሪክ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ነገሥታትንና ጦርነትን ነው። ዳሩ ግን ልጆች የሚሻሙበት የቪዲዮ ጨዋታ መሣሪያም የራሱ ታሪክ አለው። ይህም ታሪክ ለተማሪ፣ ለመምህርና ለወላጅ የሚጠቅም ቁም ነገር ያለበት ስለ መሰለን ከብዙው ጥቂቱን እናቀርባለን። ዘመኑን ሁሉ የጻፍነው በአውሮጳውያን አቆጣጠር ነው።

ኒንቴንዶ የተባለው የጃፓን ኩባንያ በ1889 በኪዮቶ ከተማ ሲቋቋም ሥራው የመጫወቻ ካርታ መሥራት ነበር። በ1965 ጉንፔይ ዮኮይ የተባሉ ወጣት መሐንዲስ የካርታ መሥሪያ መኪናዎቹን እንዲጠብቁ ተቀጠሩ። እርሳቸውም ሥራ ሲቀዘቅዝ ለራሳቸው መጫወቻ የሚሆን፣ የሚዘረጋና የሚሰበሰብ እጅ ሠርተው ሳለ የኩባንያው ፕሬዚዳንት ሂሮሺ ያማኡቺ አዩት። ፕሬዚዳንቱም ሠራተኛውን በመቅጣት ፈንታ ዕቃውን ለገበያ እንዲያዘጋጁት አዘዟቸው። መጫወቻው በ1966 ወጥቶ ከ1 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ።

ሚስተር ዮኮይ የሚመሩበት ሐሳብ፣ አዲስ ነገር ለመፍጠር የግድ አዲስና ውድ ዕቃ አያስፈልግም፤ የተለመደውንና የረከሰውን ባልታሰበ መንገድ በሥራ ላይ ማዋል ይሻላል የሚል ነበር። በ1989 የወጣው ጌም ቦይ የዚህ ሐሳብ ፍሬ ነው። ሥዕሉ የሚታይበት መስተዋት ቀለምም የራሱ ብርሃንም አልነበረውም። ተወዳዳሪዎቹ አታሪና ሴጋ ግን ባለ ቀለም መሣሪያ አወጡ። ይሁን እንጂ የእነርሱ መሣሪያ 6 የባትሪ ድንጋይ በጥቂት ሰዓት ሲጨርስ፣ ጌም ቦይ በ4 ድንጋይ ከ10 ሰዓት በላይ ይሠራ ነበር፤ ዋጋውም ያነሰ ነበር። ጌም ቦይና ተከታዩ ባለ ቀለም ጌም ቦይ አንድ ላይ ከ118 ሚሊዮን በላይ ተሸጠዋል።

እኚሁ ሰው በ1995 ደግሞ ቨርቹዋል ቦይ የተባለውን አወጡ። ይህም ጠረጴዛ ላይ ቆሞ፣ ተጫዋቹ ፊቱን አስጠግቶ የሚመለከትበት፣ ሥዕሉን ጥልቀት እንዳለው አድርጎ የሚያሳይ መሣሪያ ነበር። ድፍረቱ በእውነት የሚደነቅ ነው። ነገር ግን የሚታየው ቀይና ጥቁር ብቻ ነበር፤ ኪስ አይገባም፤ አጠገብ የተቀመጠ ጓደኛም ጨዋታውን ሊያይ አይችልም። ብዙዎችም ራሳችንን አመመን፣ ዓይናችን ደከመ አሉ። መሣሪያው 800 ሺህ እንኳ ሳይሸጥ ሥራው በ1996 ቆመ። ሚስተር ዮኮይ በዚያው ዓመት ኩባንያውን ለቀው የራሳቸውን ድርጅት አቋቋሙ፤ በ1997 ግን በመኪና አደጋ ሞቱ።

ሰውየው አንድ፣ ድፍረቱም አንድ ሲሆን ውጤቱ ስለ ምን ተለያየ? በእኛ አስተያየት ምክንያቱ ይህ ነው። በጌም ቦይ ጊዜ፣ ቀለም የለውም ተብሎ የመናቁን አደጋ የተሸከመው ሠሪው ነበር፤ ተጫዋቹ ግን ርካሽና በየሄደበት የሚከተለው ጨዋታ አገኘ። በቨርቹዋል ቦይ ጊዜ ግን ሸክሙ ወደ ተጫዋቹ ዓይንና ራስ ተላለፈ።

ሐሳቡ ግን ከቶ አልሞተም። በ2011 ኒንቴንዶ ጥልቀት ያለው ሥዕል ያለ መነጽር የሚያሳይ፣ ስሪ ዲ ኤስ የሚባል መሣሪያ አወጣ። በዚህኛው ላይ ተጫዋቹ ጥልቀቱን እንደ ፈቃዱ የሚቀንስበትና የሚያጠፋበት መቆጣጠሪያ ነበረው። ገበያው በመጀመሪያ ሲቀዘቅዝ ኩባንያው ዋጋውን ቀነሰ፤ ፕሬዚዳንቱ ሳቶሩ ኢዋታም የራሳቸውን ደመወዝ በግማሽ ቆረጡ። መሣሪያውም ኋላ ከ75 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንማራለን። እኛ ተማሪዎች አዲስ ነገር ለመሞከር ስንነሣ፣ ሙከራው ቢበላሽ ሸክሙ በማን ላይ ይወድቃል ብለን አስቀድመን እንጠይቅ። መምህራኖቻችንና ወላጆቻችን ደግሞ፣ ከደብተራችን ርቀን አንድ ነገር ስንጠጋግን ብታገኙን፣ ከመቆጣታችሁ በፊት ምን እንደ ሆነ ጠይቁን። ያማኡቺ ያን የሚዘረጋ እጅ ባዩ ጊዜ ተቆጥተው ቢሆን ኖሮ፣ ጌም ቦይን የሠራው እጅ ገና ሳይዘረጋ በተሰበሰበ ነበር።