በመኖሪያ ቤት የሚያጋጥም ድንገተኛ መመረዝ፦ መከላከያውና የመጀመሪያ እርዳታው

ድንገተኛ መመረዝ ለጤና ጎጂ የሆነ ነገር ሳይታሰብ ሲጠጣ፣ ሲበላ፣ በትንፋሽ ሲሳብ ወይም ቆዳንና ዓይንን ሲነካ የሚደርስ ጉዳት ነው። ማንኛውም ሰው ሊጋለጥ ቢችልም አደጋው የሚጸናው ከ5 ዓመት በታች በሆኑ ሕፃናት ላይ ነው። በዚህ ዕድሜ ያሉ ልጆች ያገኙትን ሁሉ ወደ አፋቸው ይወስዳሉ፤ ሰውነታቸውም ትንሽ በመሆኑ አዋቂን እምብዛም የማይጎዳ መጠን ለሕይወታቸው አስጊ ሊሆን ይችላል።

በርካታ ቤተሰቦች ዘንድ የተለመዱ ሁለት ልማዶች ልዩ ጥንቃቄ ይሻሉ። አንደኛው አደገኛ ፈሳሽን በውኃ ወይም በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ማስቀመጥ ነው። ሁለተኛው መርዝ ጠጣ ለተባለ ሰው ሁሉ ወተት መስጠት ወይም እንዲያስመልስ ማድረግ ነው። የመጀመሪያው ለአደጋው በር ይከፍታል፤ ሁለተኛው ያባብሰዋል።

1. ነጭ ጋዝና በረኪና

ነጭ ጋዝ መልኩ ውኃ ስለሚመስል በውኃ ፕላስቲክ ከተቀመጠ ልጆች ብቻ ሳይሆኑ አዋቂዎችም በስህተት ሊጠጡት ይችላሉ። ይበልጥ የሚጎዳውም ሆድን ሳይሆን ሳንባን ነው። ሲዋጥ ወይም ሲያስመልስ ጥቂቱ እንኳ ወደ አየር ቧንቧ ከገባ ከባድ የሳንባ ሕመም ያስከትላል። በረኪና ደግሞ አፍን፣ ጉሮሮንና የምግብ ቧንቧን ይጎዳል።

• ሁለቱንም በመጀመሪያ መያዣቸው ወይም ለምግብና ለመጠጥ በማይውል፣ ስሙ በተጻፈበትና ክዳኑ በሚጠብቅ ዕቃ ማስቀመጥ፤
• ከምግብና ከመጠጥ ውኃ ለይቶ፣ ልጆች በማይደርሱበት ከፍታ ወይም በሚቆለፍ ቦታ ማኖር፤
• በሥራ ላይ ሳሉ የተከፈተ በረኪና ወለል ላይ ትቶ አለመሄድ፤
• በረኪናን ከአሲድነት ካለው የመጸዳጃ ቤት ማጽጃ ጋር አለመቀላቀል፤ ድብልቁ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ይፈጥራልና።

2. ፀረ-ተባይ፣ የአይጥ መርዝና የነቀዝ ኪኒን

ለሰብል የሚረጩ በርካታ ፀረ-ተባዮች በቆዳም ዘልቀው ወደ ሰውነት ይገባሉ። ስለሆነም እነዚህን ለቅማል ራስ ላይ መቀባትም ሆነ ለትኋንና ለቁንጫ መኝታ ላይ መርጨት ለሕይወት አደገኛ ነው። በገበያ ያለ ስምና መግለጫ ተሸንሽኖ የሚሸጥ ፀረ-ተባይ ምንነቱም መጠኑም ስለማይታወቅ መግዛት አይመከርም። ባዶው ጀሪካን ቢታጠብም ውኃ፣ ዘይት ወይም ጠላ ሊያዝበት አይገባም።

እህልን ከነቀዝ ለመጠበቅ የሚውለው የአሉሚኒየም ፎስፋይድ ኪኒን እርጥበት ሲያገኝ ፎስፊን የተባለ መርዛማ ጋዝ ይለቃል። ይህ መርዝ ማርከሻ የለውም። በመሆኑም ኪኒኑ የገባበት እህል ሰው በሚያድርበት ቤት ውስጥ መቀመጥ የለበትም።

3. መድኃኒት

ለልጅ መድኃኒት ለማዋጥ “ከረሜላ ነው” ማለት ልጁ በሌላ ጊዜ ራሱ ፈልጎ እንዲውጥ ያደርገዋል። ለነፍሰ ጡር እናቶች የሚሰጠው የአይረን ኪኒን በሕፃን ላይ ከባድ መመረዝ ሊያስከትል ይችላል፤ ፓራሲታሞልም ከታዘዘው መጠን ካለፈ ጉበትን ይጎዳል። የሽሮፕ መጠን መለካት ያለበት በቤት ማንኪያ ሳይሆን ከመድኃኒቱ ጋር በተሰጠው መለኪያ ነው። የእንግዳ ቦርሳም ልጆች በማይደርሱበት ቦታ ይቀመጥ።

4. የከሰል ጭስ

ከሰል ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም። ጭሱ ያለፈለትና የቀላ ፍም እንኳ ይህን ጋዝ ያመነጫል። በተለይ በክረምትና በብርድ ወቅት ምድጃን ወደ መኝታ ክፍል አስገብቶ መተኛት ሕይወት ይቀጥፋል። ከሰል በውጭ ወይም አየር በደንብ በሚዘዋወርበት ቦታ መቀጣጠል ይኖርበታል፤ ከመኝታ በፊትም ምድጃው ከቤት መውጣት አለበት። በአንድ ቤት ያሉ ሰዎች በአንድ ጊዜ ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ ከተሰማቸው ፈጥነው ወደ ውጭ ሊወጡ ይገባል።

5. በግቢ የሚገኙ ዕፅዋት

የአስተናግር ፍሬ ቅዠትና ራስን መሳት ሊያስከትል የሚችል መርዝ አለው። የጉሎ ፍሬም ታኝኮ ከተዋጠ አደገኛ ነው። አስተናግርን ልጆች ከሚጫወቱበት ቦታ ነቅሎ ማስወገድ፣ የጉሎ ፍሬንም ከልጆች ማራቅ ያስፈልጋል።

የመጀመሪያ እርዳታ

• ነጭ ጋዝ፣ በረኪና ወይም ሌላ መርዝ የጠጣን ሰው እንዲያስመልስ ማድረግ አይገባም። ጣት ወደ ጉሮሮ መክተት፣ ወተት፣ ዘይት ወይም የጨው ውኃ ማጠጣት ክልክል ነው። ነጭ ጋዝ የጠጣ ሰው ሲያስመልስ ፈሳሹ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል፤ በረኪናም ሲመለስ ጉሮሮን ዳግም ይጎዳል።
• በአፍ ውስጥ የቀረ ኪኒን ወይም ፍሬ ካለ ማስተፋት ይቻላል።
• ዓይን ከተነካ በንጹሕ ውኃ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ ማጠብ፤
• ቆዳ ከተነካ የተበከለውን ልብስ አውልቆ ገላን በሳሙናና በብዙ ውኃ ማጠብ፤ የሚረዳው ሰው ጓንት፣ ካልተገኘም ፌስታል እጁ ላይ ያጥልቅ፤
• በጋዝ የተመረዘን ሰው ወደ ንጹሕ አየር ማውጣት፣ በርና መስኮት መክፈት፤
• ራሱን የሳተ ግን የሚተነፍስ ሰው በጎኑ ይተኛ፤ በአፉ ምንም አይሰጠው።

ወደ ጤና ተቋም ሲኬድ

ልጁ ደህና ቢመስልም መዘግየት አይገባም። አይረንና ፓራሲታሞል የሚያስከትሉት ከባድ ጉዳት ከሰዓታት፣ አንዳንዴም ከአንድ ቀን በላይ ቆይቶ ሊታይ ይችላል። የመርዙን መያዣ ወይም የዕፁን ቅጠልና ፍሬ ይዞ መሄድ፣ የተወሰደውን መጠንና ሰዓቱን መናገር ሕክምናውን ያፋጥናል። በአደጋው ሰዓት ከልጁ ጋር የነበረው ታላቅ ወንድም፣ እህት ወይም ሠራተኛ ወቀሳ ፈርቶ ያየውን ከደበቀ ሐኪሙ የሚመራበትን መረጃ ያጣል። ስለዚህ ቤተሰቡ ከቁጣው በፊት ያየውን በእርጋታ መጠየቅ ይኖርበታል።

አምቡላንስ ለመጥራት በኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የስልክ ቁጥር 907 መደወል ይቻላል። አምቡላንስ የሚዘገይ ከሆነ በተገኘው መጓጓዣ በአቅራቢያ ወደሚገኝ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል።