«ያጊ ማለት ምንድን ነው?»

እ.ኤ.አ. በየካቲት 1942 የጃፓን ጦር ሲንጋፖርን ከእንግሊዞች ነጠቀ። ከተማረኩት ሰነዶች መካከል አንድ የራዳር ባለሙያ የጻፈው ማስታወሻ ነበር። ጃፓናውያኑ ሲያገላብጡት «ያጊ» የሚል ቃል አገኙ፤ ትርጉሙ ግን አልገባቸውም። ምርኮኛውን ጠየቁት። መልሱ አስደነገጣቸው፦ ያጊ አንቴናውን የፈለሰፉት የራሳቸው የጃፓን ፕሮፌሰር ስም ነው!

ነገሩ የጀመረው ከ16 ዓመት በፊት ነው። በሴንዳይ ከተማ፣ በቶሆኩ ዩኒቨርሲቲ፣ ሂዴትሱጉ ያጊና ሺንታሮ ኡዳ በ1926 አንድ ግኝት ይፋ አደረጉ። ኬብል ከሚታሰርበት ዘንግ ፊትና ኋላ ሌሎች ዘንጎች በልክ ቢደረደሩ፣ ሞገዱ ወደ አንድ አቅጣጫ ይሰበሰባል። አብዛኛውን ሙከራ የሠሩት ኡዳ ናቸው። ያጊ ግን በ1928 በእንግሊዝኛ ስላሳተሙት ዓለም በእሳቸው ስም አወቀው። የአገራቸው ጦር ችላ ሲለው ምዕራባውያን ለራዳር ተጠቀሙበት። በአዲስ አበባ ጣሪያዎች ላይ የዓሣ አጥንት መስሎ የሚታየው የቴሌቪዥን አንቴናም የዚሁ ዝርያ ነው።

ይህ አንቴና ግን አንድ ጠባይ አለው። ኬብል የሚታሰርበት ዘንግ ለብቻው ሲቆም ኢምፔዳንሱ 73 ኦም ገደማ ነው፤ ከ75 ኦም የቴሌቪዥን ኬብል ጋር ይስማማል። ሌሎቹ ዘንጎች ሲጠጉት ግን ወደ 25 ኦም ሊወርድ ይችላል። በዚህ ሁኔታ ከ75 ኦም ኬብል ጋር እንዲሁ ቢታሰር፣ ከሚላከው ኃይል ሩቡ መገናኛው ላይ ደርሶ ወደ ኋላ ይመለሳል። አንቴናውም ኬብሉም ጤነኛ ናቸው፤ የጎደለው መግባባት ነው።

መፍትሔው አስታራቂ ማስገባት ነው። ዘንጉን አጥፎ ድርብ ማድረግ ኢምፔዳንሱን በአራት እጥፍ ገደማ ያሳድጋል። 300 ኦም የደረሰውን ደግሞ የሞገዱን ግማሽ ርዝመት ያህል ኬብል ወይም አነስተኛ ትራንስፎርመር ወደ 75 ይመልሰዋል። ብዙ የጣሪያ አንቴናዎች ወገብ ላይ ያለችው ትንሽ የፕላስቲክ ሣጥን ሥራዋ ይኸው ነው።

የጃፓን ጦር ያጣው ይህንን አስታራቂ ነበር። ዕውቀቱ ሴንዳይ ውስጥ ነበር፣ ፈላጊውም እዚያው አገር ነበር፤ የሚያገናኛቸው ግን አልነበረም። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል። ከዩኒቨርሲቲዎቹ የሚወጣውን ጥናት መደርደሪያ ላይ የሚያስቀምጥ አገር ሁሉ፣ አንድ ቀን የራሱን ልጅ ስም ከባዕድ አፍ ይሰማል።